ሆዳችን ጾመ፤ አንደበታችንስ?

በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው ያሰብነው ነገር ለብዙ ጓደኞቻችን ተራ መስሎ ይታያቸው ይሆናል። ስለ ትምህርት ጥራት፤ ስለ ካፌው ምግብ፤ ስለ ውሃ መጥፋት በሚጻፍበት መጽሔት ላይ ስለ ደግ ቃል መጻፍ ለቄሶች የተተወ ሥራ ነው የሚል አንባቢ ቢኖርም አንቀየመውም። እኛ ግን ሰባኪዎች አይደለንም፤ በመካከላችንም ጾሙን አጥብቀው የሚይዙ አሉ፤ በልማድ ብቻ የሚጾሙ አሉ፤ ከነጭራሹ የማይጾሙም አሉ። የጻፍነው ካየነውና ካደረግነው ተነሥተን ነው። ካደረግነው ስንል ደግሞ የምንኮራበትን ማለታችን አይደለም።

እንደሚታወቀው ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው የቅበላ ሰሞን በየዶርሙ ገንዘብ ይዋጣል፤ ከግቢው በር ማዶ ወዳሉት ሥጋ ቤቶች ጉዞ ይደረጋል፤ ለአንድ ወር የታሰበው የኪስ ገንዘብም ባንድ ምሽት በጥብስ ያልቃል። በማግሥቱ ሰኞ ግን ሁሉም ሌላ ሰው ሆኖ ይነሣል። አንዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ይውላል። ሌላው ከሱቅ የገዛውን የብስኩት መጠቅለያ እያገላበጠ ወተት ይኑርበት አይኑርበት ለማወቅ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ሁሉ ያነባል። (ይህን ያህል ጥንቃቄ ለፈተና ወረቀት ብናደርግ ኖሮ የብዙዎቻችን ውጤት በተሻለ ነበር።) በላውንጁም ድስቱ ሥጋ ነክቶት እንደ ሆነ አስተናጋጇን ሦስት ጊዜ የሚጠይቅ አለ። ይህ ጥንቃቄ የሚነቀፍ አይደለም። ሥርዓትን ማክበር መልካም ነው፤ በምግብ ራሱን መግዛት ያልቻለ ሰው በሌላው ነገር ራሱን ይገዛል ብሎ ማሰብም ያስቸግራል። እኛን ያስገረመን ግን ይኸው ሁሉ ጥንቃቄ ወደ አፍ ለሚገባው እንጂ ከአፍ ለሚወጣው ነገር አለመደረጉ ነው።

እስቲ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት በካፌው ሰልፍ ላይ ቆመን እናዳምጥ። ወራቱ የጾም በመሆኑ የቀረበው ሽሮ ወይም ምስር ነው። ወጡ ቀጠነ ተብሎ ጭልፋውን በያዙት ሴት ላይ የሚወርደውን የቃል ናዳ የሰማ እንግዳ ሰው፤ ሽሮውን በገዛ ፈቃዳቸው ያቀጠኑት እሳቸው፤ የእህሉን ዋጋ ያስወደዱት እሳቸው፤ በጀቱንም የቆረጡት እሳቸው ሊመስሉት ይችላሉ። እኒህ ሴት በዕድሜያቸው ለብዙዎቻችን እናት የሚሆኑ ናቸው። በሠፈራችን መንገድ ላይ ብናገኛቸው እትዬ ብለን፤ ከወገባችን ጎንበስ ብለን እጅ እንነሣቸው ነበር። እዚህ ግን «አንቺ!» ተብለው ይጠራሉ። ጠሪውም በሳህኑ ላይ አንዲት ጠብታ ቅቤ ብትታየው የሚደነግጥ ጿሚ ነው። አባቶቻችን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይሉ ነበር፤ በጾም ወራት ደግሞ ቅቤውም ስለ ሌለ ነገሩ የባሰ ሆኗል።

አንደበት ይጹም ማለት የኛ ፈጠራ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ዐይንም፤ ጆሮም፤ አንደበትም ከሆድ ጋራ አብረው እንዲጾሙ ታስተምራለች። ነቢዩ ኢሳይያስም በጾማቸው ቀን እየተጣሉ በጡጫ ይማቱ የነበሩትን ሰዎች፤ እንዲህ ያለው ጾም በእግዚአብሔር ዘንድ ጾም እንደማይባል ነግሯቸዋል። በወንጌልም መባውን ይዞ ወደ መሠዊያው የቀረበ ሰው ወንድሙ የተቀየመበት መሆኑ ትዝ ቢለው፤ መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ ሄዶ እንዲታረቅ ታዟል። በቅዳሴው መካከል ዲያቆኑ ምእመናን እርስ በርሳቸው ሰላምታ እንዲሰጣጡ ሲያዝ፤ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዞር እያልን ለማናውቀው ሰው ሁሉ ራሳችንን ዝቅ እናደርጋለን። ከዚያ ወደ ግቢ ተመልሰን፤ ካንድ ዓመት በላይ ያላነጋገርነውን የዶርም ጓደኛችንን በኮሪደሩ ስናገኘው ግድግዳ ግድግዳውን እያየን እናልፋለን።

ቋንቋችን የደግ ቃል ድኻ ቢሆን ኖሮ ማመካኛ በሆነልን። ነገር ግን አማርኛ በዚህ በኩል ባለጸጋ ነው። ሥራ ላይ ያለውን ሰው እግዜር ያበርታህ ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው። ላስነጠሰው ይማርህ፤ ከመንገድ ለተመለሰው እንኳን ደኅና ገባህ፤ ኀዘን ለደረሰበት እግዜር ያጽናህ ይባላል። ከሁሉም ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን ግን «እኔን!» የምትለዋ ቃል ናት። አንድ ሰው በመንገድ ሲሄድ እንቅፋት ቢመታው፤ አይታው የማታውቅ አንዲት አሮጊት ካጠገቡ «እኔን!» ትለዋለች። አንተን ያገኘህ እንቅፋት እኔን ባገኘኝ ማለቷ ነው። ይህን ያህል ሐሳብ ባንዲት ቃል ጠቅልሎ ለማያውቁት ሰው በነጻ መስጠት ትልቅ ነገር ነው። በኛ ግቢ ግን አንድ ተማሪ በደረጃው ላይ አዳልጦት ቢወድቅ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ፉጨትና ሳቅ ነው።

«አይዞህ»ም እንዲሁ ነው። የፈተና ውጤት በሚለጠፍበት ቀን በማስታወቂያው ሰሌዳ አጠገብ የቆመ ሰው «ስንት አመጣህ?» የሚለውን ጥያቄ መቶ ጊዜ ይሰማል፤ አይዞህ የሚለውን አንድ ጊዜ ለመስማት ግን ብዙ መቆም አለበት። ጠያቂውም አብዛኛውን ጊዜ የሌላውን ውጤት ማወቅ የሚፈልገው የራሱን ለማነጻጸር ነው። ይህን የምንለው እኛም ጠይቀን ስለምናውቅ ነው።

አሁን ካደረግነው እንናገር።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሳለን በአንድ ዶርም ውስጥ ስምንት ሆነን እንኖር ነበር። ከስምንታችን አንዱ ከሩቅ አገር፤ ከገጠር የመጣ ነበር። አማርኛን የተማረው በትምህርት ቤት እንጂ ከናቱ ጡት ጋራ አልነበረም። በገባንበት ምሽት ስንተዋወቅ አንዲት ቃል ተሳስቶ ተናገረ። ቃሏን እዚህ አንደግማትም። ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። በማግሥቱ ያች ቃል ስሙ ሆነች። አንድ ወር ሳይሞላም የሕንጻው ተማሪ በሙሉ በዚያች ስም ይጠራው ጀመር፤ እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም ፈጽሞ የማያውቁም ነበሩ። እሱ ሁልጊዜ ይስቅ ነበር። እኛም መሳቁን እያየን ነገሩን ወዶታል አልን። አሁን ስናስበው ግን ያ ሳቅ ከኛ ጋራ ለመኖር ይከፍለው የነበረ ኪራይ ይመስለናል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ከሁላችንም አጥብቆ የጾመ እሱ ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እናቱ የላኩለትን በሶ በጥብጦ መጀመሪያ ለኛ ይሰጠን ነበር፤ እኛም ተቀብለን እየጠጣን በዚያችው ስም እናመሰግነው ነበር። በክፍል ውስጥ መጠየቅ ከተወ ቆይቶ ነበር፤ እጁን ባወጣ ቁጥር ከኋላ አንዱ ያችን ቃል ስለሚጥል ነው። ማታም ቤተ መጻሕፍቱ እስኪዘጋ ድረስ እየቆየ፤ እኛ ከተኛን በኋላ መግባት ጀመረ። ማናችንም ምን ሆንህ አላልነውም። ፈተና እንዳሳሰበው ቆጠርነው።

በጾሙ አራተኛ እሑድ ሳምንት ውስጥ፤ ሐሙስ ቀን ከክፍል ስንመለስ አልጋው ባዶ ሆኖ አገኘነው። ፍራሽና ቁልፉን አስረክቦ፤ ክሊራንሱን ጨርሶ ሄዷል። ትምህርቱን ለማቋረጥ በሞላው ቅጽ ላይ በምክንያቱ ቦታ «የግል ችግር» ብሎ እንደ ጻፈ በኋላ ሰማን። በአልጋው ራስጌ ግማሽ ድረስ የቀረ የበሶ ከረጢት ለኛ ትቶልን ነበር። ልንደብቀው አይገባም፤ በላነው። ሦስት ቀን ቆየልን።

ያ አራተኛ እሑድ መፃጉዕ ይባላል። በዚያ ቀን የሚነበበው ወንጌል በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት ስለ ተኛው በሽተኛ ይናገራል። መዳን ትወዳለህን ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ሰውየው ስለ ሕመሙ አንዳች አልተናገረም። የተናገረው ውሃው ሲናወጥ አንሥቶ የሚያስገባው ሰው የሌለው መሆኑን ነው። ከመካከላችን ሦስታችን በዚያ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነበርን፤ ይህንንም በጆሯችን ሰምተናል። አምስቱ መመላለሻዎች በሰው የተሞሉ እንደ ነበሩ ወንጌሉ ይናገራልና፤ ሰውየው ብቻውን አልነበረም። እኛም በዚያ ክፍል ውስጥ ሰባት ሰዎች ነበርን።

ምናልባት አንዳንድ ጓደኞቻችን፤ ቅጽል ስም የግቢ ቀልድ ነው፤ ይህን ያህል ማካበድ ለምን አስፈለገ ይሉ ይሆናል። ለነዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የምንሰጠው መልስ የሚከተለው ነው። ዛሬ ባንድ ልጅ አነጋገር የሳቀ አፍ ነገ በመጣበት አገር ሰዎች ሁሉ ይሥቃል፤ ከነገ ወዲያም በጅምላ መሳደብ ይቀለዋል። ትምህርት ሚኒስቴር ከያገሩ የመደበን ተማሪዎች በየክፍሉ ተደባልቀን የምንኖር እንደ መሆናችን፤ ከዚህ የሚመጣውን መዘዝ በመጽሐፍ ሳይሆን በዐይናችን ያየን ትውልድ ነን። በ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ወራት በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት የተማሪዎች ሕይወት አልፏል፤ ብዙዎችም ሻንጣቸውን ተሸክመው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ያ ሁሉ ከስድብ ብቻ የመጣ ነው አንልም፤ ከግቢ አጥር ውጭ የተጎነጎነ ብዙ ነገር ነበረበት። ነገር ግን አንዱ ሌላውን እንደ ጠላት እንዲያየው አስቀድሞ ስሙን መንሣት ያስፈልጋል። እርሱ የሚጀምረው በዶርም ውስጥ ነው።

ማታ ከቤተ መጻሕፍት በሚመለሱ እኅቶቻችን ላይ በየመንገዱ ዳር የሚወረወረውንም ለከፋ ከዚሁ ለይተን አናየውም። በጾም ሰሞን ነጠላ ያጣፋችውን ሴት ሳይቀር የሚለክፍ አለ። ማንነታቸውን ደብቀው በቴሌግራም የሰው ስም የሚያጠፉትም ጾማቸውን በምን እንደሚቈጥሩት እነሱ ያውቃሉ።

ደግ ቃል ምን ሊሠራ እንደሚችልም አይተናልና ያንን ሳንናገር ብናልፍ ለእውነቱ አድልዎ ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን ሲገባ በዚያው ሳምንት ረመዳንም ገባ። በሚቀጥለው ዓመት በ2018ም ሁለቱ ጾሞች በየካቲት ተከታትለው ገቡ። በምናውቀው አንድ ዶርም ውስጥ ሙስሊሙ ጓደኛችን ለሱሑር የሚነሣበት የስልክ ደወል በመጀመሪያው ሌሊት ክፍሉን በሙሉ ቀሰቀሰ። አንደኛው ተቆጥቶ ተነሣ፤ መብራቱ ይጥፋ አይጥፋ ተባለ፤ ነገሩ ወደ ሃይማኖት ሊዞር ጥቂት ቀርቶት ነበር። በዚህ መካከል ከላይኛው አልጋ የተኛው ጿሚ ክርስቲያን፤ «ወንድሜ፤ ከነገ ጀምሮ ስትነሣ እኔንም በእጅህ ቀስቅሰኝ፤ ደወሉን ተወው፤ እኔም ተነሥቼ እጸልያለሁ፤ ከዚያም አጠናለሁ» አለው። ነገሩ በዚሁ በረደ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሌሊት ባንድ መብራት ተቀምጠው ይታዩ ነበር። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ያንደኛው ተምር ከሌላኛው ቆሎ ጋራ ባንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። ጾሙን የማይጾመው የክፍሉ ፕሮቴስታንት ጓደኛቸውም ሻይ ያፈላላቸው ነበር። ክፍሉን ያተረፈችው ያች የሌሊት ቃል ናት፤ ኮሚቴም አልተቋቋመላትም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ተማሪ የእውነት ተናጋሪ መሆን አለበት፤ ደግ ቃል ደግ ቃል የምትሉት ማቆላመጥና አድርባይነት እንዳይሆን የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው ተገቢ ነው። ጥፋት ያየ ሰው አፉን ይዝጋ አንልም። የካፌው ሽሮ ቀጥኖ እንደ ሆነ ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ እናመልክት፤ ያለ አግባብ ውጤት የሚሰጥ መምህር ቢኖርም ማስረጃ ይዘን እንቅረብ። ጌታ ራሱ ጅራፍ ያነሣበት ጊዜ አለ፤ ምኵራብ የሚባለው ሦስተኛው እሑድም የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ጅራፉን ያነሣው በቤተ መቅደስ በሚነግዱት ላይ ነው፤ በመፃጉዑ ላይ አይደለም። እኛ ግን በአስተዳደሩ ፊት ስንቆም እንደ በግ ጠቦት ዝም ብለን፤ ጅራፋችንን ጭልፋ በያዙት እናትና አማርኛ በሚቸግረው የገጠር ልጅ ላይ እናጮኸዋለን። ታዲያ ይህ እውነት መናገር ነውን?

በሆሳዕና ማግሥት ሰሞነ ሕማማት ይገባል። በዚያ ሳምንት እንደ ልማዳችን ተሳስሞ ሰላምታ መለዋወጥ አይደረግም፤ ምክንያቱም ይሁዳ ጌታውን አሳልፎ የሰጠው በመሳም ስለ ሆነ ነው። አያቶቻችን ምሳሌውን ጠንቅቀው ያውቁት ስለ ነበር ሳምንቱን በሙሉ ከሩቅ እጅ እየተነሣሡ ይሰነብቱ ነበር። እኛ ይህንን ሥርዓት ስናስብ አንድ ነገር ያሳፍረናል። ከኛ ውስጥ ብዙዎች ከሰላምታ የታቀቡት ለሰሞነ ሕማማት ብቻ አይደለም፤ ለመንፈቅ ወይም ላንድ ዓመት ነው። ከዚያ ሳምንት አስቀድሞ ሰላምታ ያልነበረው ሰው በሕማማት የሚተወው ሰላምታ ከየት ያመጣል?

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ይህ መጽሔት በሚታደልበት ጊዜ የገብር ኄር እሑድ ያልፋል፤ እስከ ሆሳዕና ሁለት ሳምንት ይቀራል። በዚህ ጊዜ ውስጥ እያንዳንዳችን ያኮረፍነውን ወይም ያስቀየምነውን አንድ ሰው መርጠን እንሂድ። አንድ ብቻ ይበቃል። አስታራቂ የሚያስፈልገው ከኛ ከፍ ያሉ ተማሪዎችን ሽማግሌ ያድርግ፤ ሽምግልና የሽበት ብቻ አይደለም። በቀን መሄድ የሚያፍር ቢኖርም ከሆሳዕና በፊት ያለው እሑድ የኒቆዲሞስ ነውና፤ የአይሁድ አለቃ ሆኖ በሌሊት የመጣውን ሰው ያስታውስና ማታ ይሂድ። ሲደርስም ረጅም ንግግር አያስፈልገውም፤ ማን እንደ ጀመረው ለመከራከርም አይሞክር። ስለ እግዜር ይቅር በለኝ ማለት ይበቃዋል። በእግዚአብሔር የማያምን ቢሆንም ይቅር በለኝ የምትለው ብቻዋን ትበቃለች። በሩ ቢዘጋበት ደግሞ ቢያንስ የሄደው እሱ ነው።

ይህንን ለሌላው ከመጻፋችን በፊት እኛው መጀመር ስለ ነበረብን፤ ባለፈው ሳምንት የዚያን ጓደኛችንን ስልክ ቁጥር ከአገሩ ልጅ ፈልገን አገኘን። አሁን ሦስተኛ ዓመት ላይ ስለ ሆንን ሁለት ዓመት አልፎናል። በቀድሞው ዶርም የነበርነው ሰባታችንም ባንድ አልጋ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን፤ ማን ይናገር በሚለው ጥቂት ተገፋፋን። ከዚያ ደወልን። እውነተኛ ስሙን ጠርተን እንዴት ነህ ባልነው ጊዜ፤ ከግቢው ሰው በዚያ ስም የጠራው ስላልነበረ ለጊዜው ማን እንደ ደወለለት አላወቀም። ማን እንደ ሆንን ነገርነው፤ ይቅርታም ጠየቅነው። ጥቂት ዝም አለ። ኋላም በአጎቱ ሱቅ እየሠራ መሆኑን፤ እናቱም ደኅና መሆናቸውን ነገረን። ከዚያም የሰባታችንን ስም ባንድ ባንድ እየጠራ፤ አንዱንም ሳይረሳ፤ ደኅንነታችንን ጠየቀ።